የላፕቶፑ ቀሚስ

ሰዓዳ ራቁቱን የተቀመጠ ዕቃ አይሆንላትም። በሳዑዲ አረቢያ ጂዛን ውስጥ ከባሏ ከይመር ጋር በተከራዩት ባለ አንድ ክፍል ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ማቀዝቀዣው ከላዩ ጥልፍ ደርቧል፣ ሪሞቷ እንኳ የራሷ ከረጢት አላት። ሙያዋ ስፌት ስለሆነ ጨርቅ አይቸግራትም፤ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አውጥታ በአንድ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ላይ የጂዛን አቧራ አለ፣ መስኮት ቢዘጉበት በቁልፍ ቀዳዳ የሚገባ። «ዕቃ ምን ልብስ ያስፈልገዋል?» የሚል ሰው ካለ አንድ ሳምንት እዚያ ሰንብቶ ይናገር።

ስለዚህ ይመር መካከለኛ የሚባል ላፕቶፕ ታቅፎ የገባ ቀን፣ ሰዓዳ ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቅ መጀመሪያ ያነሳችው ሜትሯን ነው።

ይመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከአሐድ አል-መሳርሐ እርሻዎች ቲማቲምና ባሚያ ጭኖ ጂዛን ገበያ ያራግፋል። ከሰው ጋር ቁጥብ፣ ከመኪና ጋር ግን የሚያወራ ሰው ነው። ሞተር ታሞ እንደሆነ ገና ከሩቅ በድምፁ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ የእርሻው ሠራተኞች አቧራ እንዳይገባበት ብለው የመኪናውን አፍንጫ በጆንያ ሸፍነውለት ቢያገኝ ቀኑን ሙሉ ሲቆጣ እንደዋለ ሰዓዳ ታስታውሳለች። ያስታወሰችውም ይመር ቁጣ የሚባል ነገር ስለማያውቅ ነው።

ጌም ምን እንደሆነ ሁለቱም አያውቁም ነበር። ላፕቶፑን ያስገዛቸው የልጃቸው ዝምታ ነው። ነስሪን ኮምቦልቻ ከሰዓዳ እህት ከፋጤ ጋር ትኖራለች። ወላጆቿ ሲሄዱ ገና ፊደል አልለየችም ነበር፤ አሁን አክስቷን በቁመት ደርሳባታለች። በየዓመቱ ለዒድ እንመጣለን ይሏታል። አንዱን ዓመት ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪው፣ የይመርን የመውጫ ወረቀት ይይዛል። ሌላውን ዓመት የየመኑ ጦርነት ድንበሩን ሲያናውጠው ሹፌር ስለሚጠፋ «አንተንማ አልለቅም» ይላል። የወላጆቿ መምጣት ላም አለኝ በሰማይ ሲሆንባት ልጅቷ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። መናገር ብቻ ተወች። ሲደውሉላት «ደህና ነኝ፣ እናንተስ፣ እሺ» ትልና ስልኩን ለአክስቷ ትመልሳለች። ከእንዲህ ያለው ጥሪ በኋላ የሰዓዳ እጅ መርፌ አይይዝም ነበር።

መላውን ያመጣችው ፋጤ ናት። ባሏ ሀሰን ኮምፒውተር የሚያከራይ ቤት አለው፤ ነስሪን ከትምህርት ቤት መልስ እዚያ ገብታ በኢንተርኔት የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም ትጫወታለች። ሁለት ሁለት ሰው እየተጣመረ፣ ሁለት መኪና አስከትሎ፣ ጭነቱን በተራራ መንገድ ያደርሳል። አጣማጇ የትም አገር ቢሆን ችግር የለም፤ በማዳመጫው እያወሩ ይነዳሉ። «እዚያ ላይ ስትቀመጥ አፏ አይዘጋም» አለች ፋጤ። ይመር ይህን ሲሰማ፣ መኪና መንዳት ከሆነማ እኔስ ምን አነሰኝ አለ።

ያነሰውን ነገር የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አወቀው። በእውነተኛው ዓለም አንድ ሳጥን ቲማቲም ያልደፋ ሹፌር በጌሙ ገደል ገባ። ከላፕቶፑም የነስሪን ሳቅ ወጣ። ሰዓዳ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ ተነስታ ቆመች። ልጇ እንዲህ እንደምትስቅ አታውቅም ነበር። ነስሪን «አባ፣ እሱ እኮ ፍሬን አይደለም» አለች፤ ከዚያም ስለ ፍሬኑ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አስተማሪዋ፣ ስለ ኮምቦልቻ ዝናብ ስታወራ አመሸች። ሰዓዳም ያን ዕለት እንባዋን በሽንኩርቱ አሳበበች።

የላፕቶፑ ልብስ ነገር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰዓዳ ለመጪው አረፋ ብላ ለነስሪን ቢጫ ቀሚስ ሰፍታ፣ ደረቱን በጥልፍ ሞልታ፣ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስትጠብቅ ነበር። በዚያ መሃል ፋጤ ፎቶ ላከች። ነስሪን ኮምፒውተር ፊት ቆማለች፣ ቀጥ ያለች ረጅም ልጅ። ሰዓዳ ፎቶውን አየች፣ ቀሚሱን አየች። የሰፋችው ለዚያች ጥላት ለሄደችው ሕፃን ነበር። ለማንም ምንም አልተናገረችም። መቀሷን አነሳችና ቀሚሱን ቀዳ ለላፕቶፑ ልብስ አደረገችው፤ ገበር ያለው፣ ስክሪኑንና ቁልፎቹን ብቻ ገልጦ ሌላውን ሁሉ የሚሸፍን፣ ከሥሩ በአዝራር የሚቆለፍ። ጥልፉ ልክ ከጀርባው ላይ ዋለ። ይመር ሲያየው እጁን በጥልፉ ላይ አሳለፈና «አማረበት» አለ።

ብዙም ሳይቆይ ጌሙ መንቀራፈፍ ጀመረ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ምስሉ ይቆራረጣል፤ የይመር መኪና አንዴ ደርቆ ይቆማል፣ አንዴ ዘሎ ገደል አፋፍ ላይ ይገኛል፣ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ከመንገዱ ይጠፋል። በዚያው ሰሞን ጌሙ ታድሶ ዝናብና ጭጋግ ተጨምሮበት ስለነበር ሁሉም በእድሳቱ አሳበቡ። ነስሪን ተራራው ላይ ብቻዋን ስትቀር «አባ፣ የት ሄድክ?» ትላለች። ሰዓዳ ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ሰምታዋለች፤ ያኔ ልጅቷ በስልክ የምትጠይቀው ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

ነገሩ የከፋው ሀሰን ለአረፋ ማግስት ውድድር ሲያዘጋጅ ነው። ነስሪን «እኔ ከአባቴ ጋር ነኝ» ብላ ገባች። የሰፈሩ ልጆች ግን ጥቂት ጊዜ አይተውታልና «አባትሽ እንደሆነ መሃል መንገድ ላይ ጥሎሽ ይጠፋል» እያሉ ይስቁባታል። አንድ ቀን ጨዋታው እንደገና ሲቆም ነስሪን አልተቆጣችም። በዚያችው በስልኳ ድምፅ፣ «አባ፣ የማይሆንልህ ከሆነ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለችው። ሰዓዳና ይመር ተያዩ። ልጅቷ በዚህች ቀዳዳ ወጥታ ነበር፤ ቀዳዳዋ ከተዘጋች ሌላ እንደሌላት ሁለቱም ገብቷቸዋል።

«ይሆንልኛል» አለ ይመር።

ከዚያ በኋላ ይህ ሰው የሠራውን ሥራ ሰዓዳ አይታ አትጠግበውም ነበር። ጂዛን ገበያ አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሚኪ የሚባል የአዳማ ልጅ አለ። ይመር ቲማቲሙን አራግፎ በቀጥታ ወደ እሱ ይሄዳል። ሚኪ ላፕቶፑ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቆት ሲያበቃ ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ፈረስም አይደለም፣ አህያም አይደለም። በቅሎ ነው። ጭነቱን ካወቅክለት ያደርስሃል» አለው። ይመር ለዚህ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

እንግሊዝኛ አያነብም። ግን የመንገድ ምልክት በስንት ቋንቋ የለመደ ሰው ነው፤ የጌሙን ማስተካከያ ገጽ ቃል በቃል ቅርጹን እያየ አጠናው። መጀመሪያ የዛፎቹን ጥላ አጠፋ። ቀጥሎ ሣሩን አሳሳ፣ ውሃው ላይ የሚያብለጨልጨውን ነገር አነሳ፣ የምስሉን ጥራት ከላይኛው ወደ መካከለኛው አወረደ። የሚያምረውን ሁሉ አራግፎ መንገዱንና መኪናውን አስቀረ። ከጀርባ ተደብቀው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን እያደነ ዘጋ፤ «ሳይከፍሉ የተሳፈሩ» ይላቸዋል። ሚኪ ራም የሚሉትን የማስታወሻ ካርድ ጨመረለት። የኃይሉን ማስተካከያ ከቁጠባ አውጥቶ፣ ገመዱ ሳይሰካ እንዳይጫወት መከረው። ይመር ዋይፋዩን ትቶ ከራውተሩ እስከ ላፕቶፑ ድረስ ገመድ ዘረጋ፤ ሰዓዳም ገመዱን ከግድግዳው ጋር በጨርቅ ቁራጭ እያሰረች አስያዘችለት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ይመር ከአንጀቱ ነበር የያዘው።

ሥራውም ፍሬ አፈራ። ሰዓዳ ከስፌት ቤት ስትመለስ «ዛሬ እስከ መጨረሻው ነዳን» ይላታል። «ዛሬ ነስሪን ስለ ጓደኛዋ ስትነግረኝ ነበር»፣ «ዛሬ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ»። ሰዓዳ እራት እየበላች እየደጋገመች ታስነግረዋለች። ልጇን በጆሮዋ የምትሰማው ግን ሥራ በማትገባበት በጁምዓ ብቻ ነበር። እንግዲህ ፍረዱ፤ ጁምዓ መጥቶ ሰዓዳ ከይመር ጎን እንደተቀመጠች ጌሙ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ሚኪ ሲጠየቅ፣ በጁምዓ ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሚውል ሸበካው፣ ማለትም ኔትወርኩ፣ ይጨናነቃል አለ። ሰዓዳም አመነች። ዕቃው ሲነኩት እንደሚፋጅ አስተውላለች፤ ግን በጂዛን ሙቀት የማይፋጅ ነገር ምን አለ?

አንድ ማክሰኞ ስፌት ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ሠራተኛው ሁሉ በጊዜ ተሰናበተ። ሰዓዳ ደስ ብሏት እየሮጠች ቤቷ ገባች። ይመርና ነስሪን ገና መነሳታቸው ነበር፤ ይመር ኮቴዋን ከደጅ ሰምቶ ኖሮ የላፕቶፑን ልብስ ሲያስተካክል አገኘችው። ልጅቷ «እማ፣ መጣሽ?» አለች። ሰዓዳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጥቂት እንደሄዱም መኪናው ደርቆ ቆመ። ያን ዕለት ጁምዓ አልነበረም፣ ሸበካውም አልተጨናነቀም። አዲስ የመጣችው እሷ ብቻ ናት።

ሰዓዳ ያደገችው እግሩ ገድ አለው፣ እግሩ ገድ የለውም እየተባለ ሰው በሚመዘንበት አገር ነው። እንግዳ ሲገባ ላሟ ወተት ከከለከለች እንግዳው ነው። መጀመሪያ በራሷ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሄደና ሐሳቡ ቀረ። ይህችን ልጅ ጥላ የሄደች እናት፣ ልጇ ወደምትናገርበት ቦታ ስትጠጋ ነገሩ ቢዘጋ ምን ይገርማል? ለይመር ግን አልነገረችውም፤ ቢሰማ እንደሚስቅ፣ ከሳቀም በኋላ ከጎኔ አትነሺ እንደሚላት ታውቃለች።

በሚቀጥለው ጁምዓ ስፌት ቤቱ የአረፋ ልብስ በዝቶበታል ብላ ወጣች። የሄደችው ወደ አሰገደች ነው። አሰገደች ከኋላቸው ባለው መንገድ የምትኖር፣ የአንድ ክሊኒክ ተቀጣሪ የሆነች፣ ኃይለ ቃል የማታጣ የጎንደር ሴት ናት። ነገሩን ስትሰማ ገድ የሚባል ነገር ካለ ያለው ሞኝ ሰው ላይ ነው ብላ ቆጣቻት። ሰዓዳ ማምሻውን ስትመለስ ይመር ፊቱ በርቶ ጠበቃት። ጌሙ አንዴም አልቆመም፣ አንዴም አልተቆራረጠም፣ ያውም በጁምዓ። ሰዓዳ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ከልቧም ነበር። ከምስጋናው ጋር ግን ያ የገዱ ነገር እውነት መሰላት።

እንዲህ አድርጋ እስከ አረፋ ድረስ ጁምዓዎቿን ሁሉ ሰጠች። የልጇን ድምፅ ለልጇ ስትል ተወችው። ይመርም ለምን ስፌት ቤት እንዲህ እንደበዛባት አንድ ቀን አልጠየቃትም፤ እሷ ስትወጣ ትከሻው ቀለል ሲለው ታይ ነበር።

የአረፋ ማግስት ከሰዓት በኋላ ነበር ውድድሩ። ከደቡብ በኩል ከድንበሩ የሚሰማው ጉምጉምታ ከጠዋት ጀምሮ የመስኮቱን መስተዋት ያንቀጠቅጠዋል፤ የጂዛን ሰው ግን ለምዶታልና ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው መንገዱን ሞልተውታል። ሰዓዳ አባያዋን ስትደርብ ይመር ቀና ብሎ አያት።

«ዛሬም?» አላት።

ሰዓዳ «አሰገደች አሟታል» አለች። በዒድ ቀን ውሸት መናገሯ ሳያንስ ጤነኛ ሴት አሳመመች። ነስሪን ስትጠይቅ ምን እንደሚላት ይመር ጠየቃት፤ ሰላም በልልኝ፣ ዱዓ እያደረገች ነው በልልኝ አለችውና ወጣች።

የአሰገደች በር ላይ ስትደርስ ባዶ እጇን መሆኗን አስተዋለች። በበዓል ማግስት፣ ያውም ታማለች ወደተባለች ሴት፣ ባዶ እጅ! ለአሰገደች ብላ በሳህን ያዘጋጀችው ሐልዋ ማቀዝቀዣው ላይ ቀርቷል። ያደገችበት ወግ ሁለት ቦታ ጎተታት፤ አንዱ ባዶ እጅሽን አትግቢ ይላታል፣ አንዱ እግርሽን ከቤቱ አርቂ ይላታል። ጨዋታው ገና አልተጀመረ ይሆናል፣ ሳህኑን አንስቼ ሳይሰሙኝ እወጣለሁ ብላ ተመለሰች።

በሩን ቀስ አድርጋ ገፋችው። ይመር ጀርባውን ሰጥቷት ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ውድድሩ ተጀምሯል። ላፕቶፑ ራቁቱን ነበር። ከሥሩ አየር እንዲያገኝ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ተደፍቶለት ከኋላው ከፍ ብሏል፣ የውስጡ ማራገቢያ እንደ ልቡ ይነፍሳል። ቢጫው ልብስ አዝራሩ ተፈትቶ፣ ጥልፉ ወደ ላይ ሆኖ፣ እንደ መስገጃ በጥንቃቄ ተጣጥፎ ንጹሕ ፎጣ ላይ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ ሁለት መኪኖች ተከታትለው ተራራ ይወጣሉ።

«አባ፣ ከኋላዬ ነህ?» አለች ነስሪን።

«ከኋላሽ ነኝ» አለ ይመር።

ሰዓዳ ሳህኑን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ጥላዋ ግድግዳው ላይ ወደቀ። ይመር ዞር ብሎ አያት፣ ደነገጠ። የሠራውንም ሥራ ሰዓዳ እስከ ዕለተ ሞቷ አትረሳውም። አንድ እጁ ቁልፎቹ ላይ እንዳለ፣ በሌላው ቢጫውን ልብስ አንስቶ ላፕቶፑን ሊያለብሰው ታገለ። መኪናው ወደ ገደሉ አዘነበለ። ነስሪን «አባ፣ አባ» ትላለች፤ እሱ አዝራሩን ይፈልጋል።

ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። ሞተር መታፈኑን ከሩቅ የሚሰማ ሰው፣ በመኪናው አፍንጫ ላይ ጆንያ ቢያገኝ ቀኑን ሙሉ የተቆጣ ሰው፣ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃል። በጁምዓ የሚቆመው እሷ ስላለች ነው፤ እሷ ስላለች ልብሱን ሊያወልቀው ስላልቻለ። ስትወጣ ትከሻው ቀለል የሚለውም ለዚህ ነው። እሷ ለእሱ ስትል ትወጣለች፣ እሱ ለእሷ ሲል ያለብሳል፣ በመሃል ልጅቷ ተራራ ላይ ትቀራለች። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ይህን ቤት አላየም።

ሰዓዳ ሳህኑን ትታ ከጎኑ ተንበረከከችና እጁን ያዘች።

«ተወው» አለችው። «አንተ ንዳ።»

ይመር መኪናውን ከገደሉ አፋፍ መለሰ። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ቀሚሱን ስትቀጂው አይቼሻለሁ» አለ። «ጀርባሽን አዙረሽ ነበር። እንዴት አድርጌ ፊትሽ ላውልቀው?»

ሰዓዳ የተሰማትን ነገር ለመለየት ጊዜ ወስዶባታል። ስለ ጁምዓዎቿ ልትቆጣው ፈለገች። ከዚያ ይህን ሁሉ ጊዜ በየቀኑ አዝራር እየፈታ፣ እሷ ከመድረሷ በፊት መልሶ እየቆለፈ የኖረውን የዚህን ሰው ወፍራም ጣቶች አየች፤ ቁጣዋም ጠፋ። በዓለም ላይ ከዚህ ሰው የሚሻል ሰው ካለ አላህ ለሌላ ይስጠው፣ እኔ ይበቃኛል አለች በልቧ።

ተራራው ከፍ ሲል የላፕቶፑ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ፤ ክፍሉ ምድጃ ሆኗል። ይመር አንገቱን ሰበቀ፣ ሰዓዳም የዚያን አንገት ቋንቋ ታውቃለች፤ ሞተሩ እየጋለ ነው። ቢጫውን ልብስ በሁለት እጇ ዘርግታ ላፕቶፑን ማራገብ ጀመረች። ጨርቁ እርግብግብ ይላል፣ ጥልፉ በአየር ላይ ይወጣል ይወርዳል። መኪኖቹ ሳይቆራረጡ ጫፉን ዞሩ።

«አባ፣ ምንድን ነው የሚርገበገበው?» አለች ነስሪን።

ይመር መልሱን ለሰዓዳ ተወላት።

«እኔ ነኝ» አለች ሰዓዳ። «ያንቺ ቀሚስ ነው።»

«እማ? የምን ቀሚስ?»

«ለአረፋ የሰፋሁልሽ። ትንሽ ልጅ እንደሆንሽ አድርጌ ሰፋሁት፤ ኋላ ፎቶሽን ሳይ አይሆንሽም።»

ከኮምቦልቻ በኩል ምንም አልተሰማም። የመኪኖቹ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሰዓዳ ያንን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ከሱ በኋላ «እሺ» ይመጣል፣ ከዚያ ስልኩ ለአክስት ይሰጣል። ልትናገረው ያልፈለገችውን ነገር በውድድር መሃል አውጥታ መንገዷን በገዛ እጇ የዘጋች መሰላት። ክንዷ ዝሎ ነበር፣ ማራገቡን ግን አላቆመችም።

«እማ» አለች ነስሪን። «እቤት ሜትር አለ። ስንጨርስ አክስቴን አስለክቼ ልኬን እነግርሻለሁ። እንደ ሌላው ጊዜ እንዳትሄጂ።»

«አልሄድም» አለች ሰዓዳ፣ እያራገበች።